የማንም ያልሆነው መሰኪያ

ውድ ጋሼ፣

ይህን በወረቀት የጻፍኩልህ ናፍቆት አንገብግቦኝ አይደለም። ወረቀት ቻርጅ ስለማይጠይቅ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ «ባትሪዬ እያለቀ ነው» ብለህ የምትዘጋበት ቀዳዳ የለውም። አውራ ጣትህን ቀስረህም አታልፈውም፤ ብትቀስር የምታየው አንተው ብቻ ነህ።

ከቤተሰቡ የስልክ ግሩፕ ስወጣ «ምን ነካት ደግሞ?» ብለህ መጻፍህ ተነግሮኛል። ከሥሩም ሰዎች አገጩን ይዞ የሚያስብ ቢጫ ፊት ደርድረውልሃል አሉ። ማሰቡን ለቢጫው ፊት ሰጥተው እነሱ ወደ ጉዳያቸው ሄደዋል ማለት ነው። እንግዲህ ምን እንደነካኝ ልንገርህ። ባጭሩ፣ አንገሽግሻችሁኛል። ረዘም ሲል ደግሞ እንዲህ ነው።

እማዬ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ሰሞን «የእማዬ ልጆች» የሚለውን ግሩፕ የከፈትከው አንተ ነህ። እማዬ የወለደችው ሦስት ነው፤ ግሩፑ ውስጥ አርባ ምናምን ሰው አለ። የአክስት ልጆች፣ የአክስት ልጆች ባሎች፣ አንድ የድሮ ጎረቤት፣ ደግሞ አንድ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰውዬ። ሁሉም የሌላው ወገን ዘመድ ይሆናል ብሎ ስለሚያስብ እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም፤ እሱ ግን በየጠዋቱ ሳያጓድል ጽጌረዳ ይልካል። «እናት የሁሉም ናት» ትለኝ ይሆናል። ምጡ ላይ ግን ብቻዋን ነበረች።

በመጀመሪያው ቀን ያወጣኸውን መመሪያ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ሥራዬ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ማረም ስለሆነ የሰው ቃል ቶሎ አይጠፋኝም። «ውድ ቤተሰብ፣ እማዬ ጋ ያላችሁ ሁልጊዜ ኦንላይን ሁኑልኝ። ስልካችሁ እንዳይሞት ከአርባ ፐርሰንት በታች ሳይወርድ ሰኩት፣ ሰማንያ ሲሞላ ንቀሉት። ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። እንደ ሕፃን ጡት።» እውነቴን ነው፣ «እንደ ሕፃን ጡት» ብለሃል። አባባ ካለፈ ወዲህ ያንተ ቃል እዚህ ቤት ሕግ ነው። እኛ ደግሞ፣ ሌላው ሌላው ቢጎድለን፣ ሕግ አክባሪ ነን።

አንተም ሕግህን አፍርሰህ አታውቅም። ከእማዬ ጋር በስልኩ ፊት ለፊት እየተያያችሁ ስታወሩ፣ ገና ሰላምታው ሳይበርድ፣ «እማዬዋ፣ ባትሪዬ እያለቀ ነው፣ በኋላ» ትላለህ። ወዲያው የተያያችሁበትን ምስል «ከእናቴ ጋር» ብለህ ግሩፑ ላይ ትለጥፋለህ። ሰው ሁሉ የእማዬን ፈገግታ ያያል። እኔ በሥራዬ ልማድ ጠርዝ ጠርዙን ነው የማየው። አንድ ቀን ታዲያ ጠርዙ ላይ፣ ከባትሪዋ ሥዕል አጠገብ፣ ስልሳ አንድ ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። ስልሳ አንድ ፐርሰንት ያለው ሰው ለእናቱ ያለቀበት ምኑ እንደሆነ እያሰብኩ ምስሉን ዘጋሁት።

አሁን ወደ ፍራሹ ልምጣ። አንተ ያየኸው በካሜራ ነው፤ ካሜራው ደግሞ ሁልጊዜ የእማዬ ፊት ላይ ስለሚደገን ከአንገቷ በታች ምን እንዳለ አታውቅም። ከአንገቷ በታች የአየር ፍራሽ አለ። አልጋው እግር ላይ የተንጠለጠለ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሞተር አለው፤ ቀንም ሌትም ዥዥ እያለ አየሩን ከአንዱ የፍራሹ ክፍል ወደ ሌላው ያዘዋውራል። የገጠመችልን ቤት ለቤት እየዞረች የምታክመው ነርስ፣ ሲስተር የምንላት ናት። የገጠመችው ዕለት ሁላችንንም አልጋው ዙሪያ አቁማ፣

«ይሄ ድምፅ ይሰማችኋል? ያሰለቻል አይደል? ያሰልቻችሁ። ዝም ካለ እሳቸው መቁሰል ጀመሩ ማለት ነው» አለች።

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ራስ መነቅነቅ ለቤተሰባችን የተሰጠ ጸጋ ነው።

የእማዬ ክፍል ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ አባባ ቤቱን ሲያሠራ «የተኛ ሰው ኤሌክትሪክ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ነው። ስለዚህ ባለ አራት ቀዳዳ ኤክስቴንሽን ገዝቼ አመጣሁ። አንዱ ለፍራሹ፣ ሦስቱ ለሰው ስልክ። ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ግን አየህ ጋሼ፣ ቀዳዳ ሲጨመር የሚጨመረው ስልክ ነው። እህታችን እትዬ ሁለት ነው የምትይዘው፤ አንዱ ለግሩፑ፣ አንዱ ለራሷ ኑሮ። አክስታችን የራሷን ይዛ ትመጣለች፣ አብሯት ሊጠይቅ የሚመጣው ደግሞ የራሱን። ሁሉም ከአርባ በታች እንዳይወርድበት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል።

ቦታ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ነው የሰው ልጅ የሚያስጠላኝ። የሌላ ሰው ስልክ መንቀል ነውር ነው። ባለቤቱ እዚያው ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ ያይሃል። «ስንት ደረሰ?» ብለህ ታስፈቅዳለህ፣ «ትንሽ ይቆይ» ካለህ ትቆያለህ። ጨዋ ነን። የፍራሹን መሰኪያ ስትነቅል ግን ቀና ብሎ የሚያይህ የለም። የማንም አይደለማ። እማዬ እንዳትናገር ሶኬቱ ከራስጌዋ ጀርባ ነው፤ ዞር ማለት ደግሞ አትችልም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ፤ ስልክ በራበው ፍራሽ ተነቀለ። የሚነቅለውም ሁሉ የሚነቅለው ለትንሽ ነው። የአንዱ ትንሽ ሲያልቅ የሌላው ትንሽ ይጀምራል።

የእትዬን መግለጫዎች መቼም ሳታነብ አትቀርም። እኔ አሁን ቃል አቀባይዋ ነው የምላት። «የእማዬ ጤንነት በአስተማማኝ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ጠዋት ሾርባ ወስዳለች። ለተደረገልን ሁሉ እናመሰግናለን።» ሾርባውን ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ እትዬ ያኔ መስኮቱ ጋ ቆማ መግለጫውን እየጻፈች ነበር። አንድ ጊዜ፣ «እታለም፣ እስቲ ማንኪያውን ያዥልኝ» ብላት፣ «ቆይ፣ ጋሼ እየጻፈ ነው ይላል» አለችኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ። አንተ የጻፍከው «ጎበዞች» የሚል ነበር።

አንድ ከሰዓት ማተሚያው ተበላሽቶ ቀደም ብዬ ቤት ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ቆምኩ። ድምፁ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ክፍሉን ታውቀዋለህ። የጎረቤት ግድግዳ ብቻ የሚያሳየው መስኮት፣ ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰው የእማዬ የልብስ ስፌት መኪና፣ ከጎኑ ድሮ ሱቋ ውስጥ የነበረው ረጅም መስታወት። መጀመሪያ ያየሁት በመስታወቱ ውስጥ ነው፤ አራት ስልክ ኤክስቴንሽኑ ላይ እንደ ቡችላ ተደርድሮ ይጠባል። የፍራሹ ገመድ መሬት ላይ ነው። እማዬ ደግሞ ወርዳለች። በሌላ ቃል ልነግርህ አልችልም። ፍራሹ ተንፍሶ፣ ጎንና ጎኑ እንደ ባዶ ከረጢት ተጨማድዶ፣ እሷ የአልጋው ርብራብ ላይ ደርሳለች። አክስታችን ስልክ ፊቷ ላይ ደግናለች።

«ፈገግ በይለት እንጂ! ልጅሽ እኮ ነው! ጥርስሽን፣ ጥርስሽን!»

እማዬ ጥርሷን አሳየች። ከስልኩ ውስጥ ያንተ ድምፅ መጣ።

«ውይ እማዬዋ! ፊትሽ ጥርት ብሏል እኮ! በጣም ተመችቶሻል ማለት ነው!»

«ተመችቶኛል ልጄ። አንተስ፣ ዛሬ መብራት አለ?»

«አለ፣ አለ… እ… ባትሪዬ ግን…»

ጎንበስ ብዬ እጄ የደረሰበትን ስልክ ነቀልኩና ፍራሹን ሰካሁት። ሞተሩ ዥዥ ማለት ጀመረ። እትዬ ከመስኮቱ ተስፈንጥራ መጣች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፍራሹን እየሰካሁ።»

«የሰው ስልክ ትነቅያለሽ? ሠላሳ ስምንት ላይ ነበር እኮ!»

«እማዬስ ስንት ላይ ናት?»

«አሁን ይሄ ነገር ፍለጋ ነው። ለትንሽ ነው የነቀልኩት፣ ጋሼ ልደውል ነው ሲል። አይደል አክስቴ?»

«እኔ ስመጣ ተነቅሎ ነው ያገኘሁት» አለች አክስታችን፣ ስልኩን ከእማዬ ፊት ሳታነሳ። «እንዲያውም ጩኸቱ ሲያርፍላት እፎይ ትላለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አንተ ከውስጥ፣ «ምንድነው ጫጫታው? ካሜራውን ወደ እማዬ አዙሩት!» አልክና ጠፋህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን እናታችን ናት ያስተማረችን። ያን ዕለት ብብቱም ቆጡም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ የሚያይ ነው የጠፋው።

በማግስቱ ሲስተር ስትመጣ እማዬን በጎኗ አዞርናት። ቁስሉን አልዘረዝርልህም፤ አይተኸዋል፤ ወደዚያም እመጣለሁ። ሲስተር ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«ይሄ ፍራሽ ይጠፋል እንዴ?» አለች።

«በፍጹም!» አለች እትዬ።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች አክስታችን።

እየዋሹ አልነበረም፤ እሱ ነው የሚዘገንነኝ። እያንዳንዳቸው የነቀሉት ለትንሽ ነው፤ ትንሽ ደግሞ እዚህ ቤት አይቆጠርም።

«እንግዲያው የአልጋ ቁስል ከሰማይ ወርዷል» አለች ሲስተር። «ስሙኝ። በየቀኑ ካልታጠበና ካልተሸፈነ ወደ አጥንት ይሄዳል። አጥንት ከደረሰ እኔን አትጥሩኝ፣ ሆስፒታል ነው። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ሆስፒታል ገብቶ መውጣት…» ቀሪውን በቅንድቧ ጨረሰችው።

የቁስሉ መግለጫ ከእትዬ ሲደርስህ፣ «ፎቶ ላኩልኝ፣ ለማውቀው ሐኪም ላሳየው» አልክ። በዚህ አልቀየምህም። ልጅ ነህ፤ ሩቅ ነህ፤ ሐኪም ታውቃለህ። ፎቶውን ያነሳችው እትዬ ናት። ግን ላንተ አልላከችውም፤ ግሩፑ ላይ አደረገችው። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝን መልስ እስክሞት አልረሳውም፦ «ለእያንዳንዱ በየግሉ ከመላክ አንዴ ግሩፑ ላይ ማድረግ ባትሪ ይቆጥባል።»

ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል፣ ጋሼ፣ የእናታችን ገላ ለአርባ ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ ታደለ።

እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ እያረምኩ። ስልኬ በራ፣ በራ፣ በራ። ልቦች። የተጣመሩ እጆች። እንባ የሚረጭ ፊት። አንዱ የአክስታችን ልጅ የሚነድ እሳት ላከ፤ ቀጥሎ «ይቅርታ፣ ጣቴ ስቶ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ለይቅርታው ደግሞ ሦስት ሰው ልብ ሰጠው። ጽጌረዳ ላኪው ሰውዬ ጽጌረዳ ላከ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነበር የሚባለው፤ በአውራ ጣት ካለቀሱም እንደማይገድ ያን ቀን አየሁ። ያቅለሸለሸኝ ቁስሉ አይደለም። ቁስል ይሸታል፣ ይታጠባል፣ እውነተኛ ነገር ነው። ያቅለሸለሸኝ ልቦቹ ናቸው።

ቤት ስገባ አክስታችን እማዬን እያጽናናች አገኘኋት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ሁሉም አይተው አዝነዋል። አንድም የቀረ የለም።»

እማዬ ቀስ ብላ፣ «ምኑን ነው ያዩት?» አለች።

አክስታችን ወደ እትዬ አየች። እትዬ ወደ ስልኳ አየች።

«ቁስሉን ነዋ እማዬ። ለጋሼ ተብሎ እኮ ነው፤ ሐኪም እንዲያየው።»

«ቁስሉ የት ነው ያለው?»

የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች።

«መጋረጃውስ?» አለች።

ታስታውሳለህ ብዬ ልገምት። ሱቋ ጥግ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር፤ ሴቶቹ ከእሱ ጀርባ ገብተው ነው የሚለኩት። የከተማው ሴት ግማሹ እዚያ ገብቶ ወጥቷል። የባለሥልጣን ሚስት ገብታለች። ባሏ የሚደበድባት ገብታለች። አንድ ጡቷን ያጣችው መምህርት ገብታ፣ ቀሚሷ ሁለት ጡት እንዳላት አስመስሎ ተሰፍቶላት በአደባባይ ሄዳበታለች። እማዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ከመጋረጃው ስትወጣ አፏ ላይ መርፌ እንጂ ወሬ ኖሮ አያውቅም። እትዬ በልጅነቷ አንዴ መጋረጃውን ገልጣ ስቃ ነበር። እማዬ አልመታቻትም። ሥራዋን አቆመች፣ ሱቁን ዘጋች፣ «የሰው ገላ አደራ ነው» አለቻት፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አንተም ቆመህ ሰምተሃል። የዕድሜዋን ሙሉ የሰው ገላ የሸሸገች ሴት የራሷን የሚሸሽግላት ልጅ አላፈራችም።

ከዚያ ወደ እኔ፣ «አዙሪኝ» አለች። ወደ ግድግዳው አዞርኳት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ማንም እንዲያጥባት እምቢ አለች። ሲስተር ጓንቷን አጥልቃ ስትቀርብ ነጠላዋን ጨብጣ ትይዛለች።

«እማዬ፣ ሲስተር እኮ ናት።»

«ትሁና። የታየው ሳይሸፈን ሌላ አይከፈትም።»

እትዬን «ፎቶውን አጥፊው» አልኳት። «ጋሼ ሳይፈቅድ? ለሐኪሙ ሳያሳየው?» አለች። ሕግ አክባሪ ናት ብዬህ የለ። ደወልኩልህ። የተባባልነውን እንደገና ላሰማህ፤ በሰው ጆሮ ሲሰማ ሌላ ነውና።

«ጋሼ፣ እባክህ ፎቶውን አጥፋው። ወይ እትዬን አጥፊው በላት።»

«የትኛውን ፎቶ?»

«ስንት አለህ?»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ። ሐኪሙ ገና አላየውም። አሁን ደግሞ ሃያ ፐርሰንት ልገባ ነው፤ ከሃያ በታች ባትሪውን ይጎዳዋል። ማታ ስሰካው አየዋለሁ።»

«እማዬ አላስነካም እያለች ነው። ቁስሉ…»

«በጽሑፍ ላኪልኝ። ጽሑፍ ባትሪ አይበላም።»

ዘጋህ። ማታ ሰካኸው መሰለኝ፤ ጠዋት በሙሉ ኃይል ብቅ አልክ። አንተም እንደ ሰውዬው ጽጌረዳ፣ ከጽጌረዳው ሥር ደግሞ «ጠቃሚ ምክር፦ የስክሪን ብርሃን መቀነስ የባትሪ ዕድሜ ያራዝማል።» ጣቴን ትንሽ ሽቅብ ስገፋ ከምክርህ በላይ እማዬ አለች፣ እንደተገለጠች። ከግሩፑ የወጣሁት ያኔ ነው። ምን ነካት ላልከው፣ ይኸው።

ሲስተር ኮሪደር ላይ ይዛኝ ወጣችና፣ «ጠፍቷል በያት። አንድ ውሸት ነው። ለነፍስ ይፈቀዳል» አለች። ገባሁ። እማዬ ግን ልብስ ሰፊ ናት፤ ያልተሰፋውን ተሰፍቷል ብትላት በጣቷ ዳስሳ ትደርስበታለች።

«ፎቶው አልጠፋም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው እንደሆነ። ከዚያ፣ «እዚያ መኪናው ሥር ጨርቅ አለ?»

ነበር። ያረጁ አንሶላዎች፣ የቀሚስ ትርፍራፊ፣ ማንም መጥቶ ያልወሰደው የመጋረጃ ጣቃ። መኪናውን ከገለጥኩት ስንት ዘመኔ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና በድምፅ ብቻ እያየች ታዘኛለች።

«ጠርዙን ሁለት ጊዜ እጠፊው። ቀስ! ምን አስቸኮለሽ፣ ባትሪ አያልቅበት መኪናው።»

ጨርሼ ባሳያት ጊዜ ስፌቱን በጣቷ ሄደችበት።

«ይሄ ስፌት ነው? የሰካራም መንገድ ነው እንጂ» አለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ የቀለደችው ይህን ነው። ሽቦ ፈልጌ ከመስኮቱ እስከ በሩ ጉበን ወጠርኩና አልጋዋን ጋረድኩት። እማዬ ዙሪያዋን አየች፤ ጠርዙ መሬት መድረሱን እንዳረጋግጥ አዘዘችኝ። ከዚያ ልክ እንደ ድሮው በሱቋ ድምፅ፣ «የሚቀጥለው ይግባ» አለች። ሲስተር ገባች። ነጠላዋን ለቀቀችው።

ኤክስቴንሽኑን አውጥቼ ጣልኩት። አሁን ግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ቀዳዳው ላይ አንድ መሰኪያ አለ። ስልክ ከመጋረጃው ወዲያ አይሻገርም። አክስታችን «እስር ቤት አደረግሽው» ብላ ተቀይማኛለች። ቃል አቀባይዋ «በአንዳንድ ግለሰቦች ምክንያት የእማዬ ዜና ለጊዜው ተቋርጧል» የሚል መግለጫ አውጥታለች አሉ። ጠያቂውም ሳሳ። ሶኬት ከሌለ ጠያቂ የለም፤ ግማሹ ሲመጣ የነበረው ለካ ለመብራቱ ነው። ባለፈው ግን እትዬ ሁለቱንም ስልኮቿን ኮሪደር ላይ ትታ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ስትንቀዋለል ቆየችና መጨረሻ ላይ የእማዬን እግር ያዘች። ብዙ ያዘችው። ስትወጣ «ፎቶውስ?» ብላት፣ «ጋሼ ይበለኝና ወዲያው» አለች። ይኸው ነው እንግዲህ፤ የታሰረው ካንተ ነው።

ቁስሉ ዳር ዳሩ ቀላ እያለ ነው፤ ሲስተር ይህ ጥሩ ምልክት ነው ትላለች። «ገና ነው» ማለትም አትተውም።

አንድ ነገር ላስታውስህና ልጨርስ። ልጆች ሳለን የእማዬ ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ የምታሰጣው አንተ ነበርክ። ከዚያ በጥርስህ ነከስ ነከስ ታደርገውና ትመልሰዋለህ፤ እማዬም ስፌቷ ላይ ሆና የጀመረችውን ትረካ እስከ መጨረሻው ትሰማለች። መዳፍህ ላይ አሙቀህ ያመጣህበት ጊዜም አለ። ያን ልጅ ስልሳ አንድ ብትሰጠው ኖሮ ዓመት ያስተርክላት ነበር።

ትናንት ሲስተር እያጠበቻት እማዬ አወራቻት።

«የበኩር ልጄ መብራት የሌለበት ሰፈር ነው የሚኖረው። ምስኪን። ሁለት ቃል ሳንነጋገር ይጠፋበታል። ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደሚያመሽ እንጃ።»

ሲስተር ወደ እኔ አየች። እኔ ፋሻ ማጠፍ ጀመርኩ። ነገሩ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ላንተ ብዬ አይደለም።

«እነሱ ይሄን ሲነቅሉት አውቅ ነበር» አለች እማዬ። «ድምፁ ይጠፋል፣ ቀስ እያልሽ ትወርጃለሽ። ዝም ያልኩት ከሱ ጋር እንዲያገናኙኝ ብዬ ነው።» ከዚያ አንገቷን ወደ እኔ ለማዞር ሞከረች። «ሲመጣ የኔን ንቀሉና ለሱ ሰኩለት። እዚህ እንኳ ይሙላ ልጄ።»

ስለዚህ ጋሼ፣ ይህን ወረቀት እንዳጠፍከው፣ ስንት ፐርሰንት እንዳለህ ሳታይ፣ ያን ፎቶ አጥፋ። ከዚያ ና። መጋረጃውን ስትገልጥ እጅህ ባዶ ይሁን።

ግን ከዚያው ሞልተህ ና። እሷ ንቀሉለት ማለቷ አይቀርም፤ መሰኪያው አጠገብ የምቀመጠው ደግሞ እኔ ነኝ።

ታናሽህ